ቀዝቃዛውን ውሃ አትክፈት

ኖአጋ ታፕሶባን የተዋወቅኩት ጥርሱን አውልቄ ነው። ቦቦ ዲዮላሶ ዳርቻ ባለው የጥጥ ፍሬ ዘይት ፋብሪካ በእሳት አንዳጅነት በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን፣ አካፋዬን አንስቶ ከቦይለር ቤቱ ሊወጣ ሲል አየሁት። «መልስ» አልኩት። «የአባትህ ነው?» አለኝ። እኔ ደግሞ ሁለቴ መጠየቅ አልወድም፤ አፉን በቡጢ አልኩት። ወድቆ ተነሳና በግንባሩ አፍንጫዬን አደቀቀው። ተያይዘን ለቦይለሩ በሚነደው የጥጥ ፍሬ ገለባ ክምር ላይ ተንከባለልን። እሱ ጉሮሮዬን አንቆ፣ እኔ ጆሮውን ነክሼ፣ ከመጭመቂያው ክፍል ሰዎች እየሮጡ ደረሱና ይጎትቱን ጀመር። ከመካከላቸው ሚዛን የሚይዘው ሽማግሌ «ኧረ ፓሬ፣ በእናትህ ተው!» ብሎ በአባቴ ስም ሲጠራኝ የኖአጋ እጅ አንገቴ ላይ ላላ።

«ፓሬ?» አለ ደሙን እየተፋ። «የቱጋን አገር ፓሬ? ሳሞ ነህ እንዴ አንተ?»

«ብሆንስ?»

«አይ ውሻ በላ!» ብሎ ሳቁን ለቀቀው። «ጉድ በሉ ሰዎች! እኔ የሞሲ ልጅ በገዛ ሎሌዬ ተደበደብኩ! ጥርሴን አወለቀኝ እኮ!»

እኔም አፍንጫዬን ይዤ፣ እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ሳሞና ሞሲ ሁለት ነገድ ብንሆንም ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ነን። ሳሞ ውሻ ይበላል ስለሚባል እሱ ውሻ በላ፣ ሎሌዬ ይለኛል፣ እኔ አህያዬ እለዋለሁ። እናቱንም ሚስቱንም ብሰድብበት መቆጣት አይችልም፤ የተቆጣ ዕለት የአገር መሳቂያ ይሆናል። ሁለት ሞሲዎች ጩቤ ተማዘው አንድ ሳሞ መሃላቸው ገብቶ «አህዮቼ፣ ማን ፈታችሁ?» ካላቸው ጩቤው ወደ አፎቱ ይመለሳል። ያን ቀን ኖአጋ ጥርሱን ከገለባው ውስጥ ፈልጎ አገኘና ኪሱ ከተተው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አልተለያየንም።

በስድስቱ ዓመት ውስጥ ቁም ነገር አውርተን አናውቅም። እሱ የቧንቧና የፓምፕ ሠራተኛ ነው፤ እኔ እሳቱን እይዛለሁ፣ እሱ ውሃውን። ቧንቧ ሲያፈስ «አህያዬ፣ ሽንትህን መቆጣጠር አቃተህ?» እለዋለሁ፤ መጥቶ ይጠግናል። እሳቱ ሲደክም «ሎሌዬ፣ የውሻውን ጭንቅላት ግጠህ ስትጨርስ ወደ ሥራህ ና» ይለኛል፤ አካፋዬን አነሳለሁ። ኖአጋ በነሱ ቋንቋ ዶሮ ማለት ነው፤ ይሄ ስም ደግሞ ለኔ የየቀኑ ሲሳይ ነበር። ልጄ ታማ ደም ያስፈለጋት ጊዜ እንኳ ሳልጠራው መጥቶ፣ ክንዱን ለነርሷ እየዘረጋ «በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ልጅ መጮኹን ትታ እንደ ሰው ታወራለች» አለ። ሚስቴ ሳቀች፤ እኔ ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ አለቀስኩ። አመሰግናለሁ አላልኩትም፤ በኛ መሃል አይባልማ።

ከዚያ ዲቃላው መጣ።

ዲሬክተራችን ሳኑ ገለባው ለከብት መኖ ይፈለጋል፣ እሱን አንድደን መጨረስ የለብንም ብሎ ከዋጋዱጉ መሐንዲስ አስመጣ። ጣራውን ሙሉ በመስታወት ሥር ጥቁር ቱቦ ዘረጉበት። ነገሩ ቀላል ነው። ድሮ ቦይለሩ የሚጠጣው ቀዝቃዛ የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ ያንን እንፋሎት ለማድረግ ገለባ እንደ ጉድ ይበላል። አሁን ውሃውን መጀመሪያ ጣራው ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ግድግዳው ሥር በቆመ ትልቅ ታንከር ይጠራቀማል፣ ከዚያ ፓምፑ ወደ ቦይለሩ ይገፋዋል፤ የጎደለውን ሙቀት እኔ በገለባ እሞላለሁ። የድሮው ቀዝቃዛ ውሃ መጠባበቂያ ተብሎ፣ ከቦይለሩ ጀርባ ባለ ቀይ መዘውር ተዘግቶ ቀረ።

«ድቅል ማሞቂያ ይባላል» አለ መሐንዲሱ ሰብስቦን።

«ዲቃላ ነው በለና!» አለ ኖአጋ ከኋላ። «አባቱ ፀሐይ፣ እናቱ ገለባ! አሳዳጊው ደግሞ ይሄ ውሻ በላ!»

ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ። ከሳምንት በኋላ ዲሬክተሩ ራሱ ዲቃላው ይለው ጀመር።

እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። በብርዱ ወራት በቀን ሦስት መቶ አካፋ የምወረውረው ሰው ሁለት መቶ ብቻ ወረወርኩ፤ ወገቤ ዳነ። ችግሩ የመጣው መጋቢት ሲገባ ነው። የቦቦ ፀሐይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሰው አታስቀምጥም። እኩለ ቀን ላይ ታንከሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሊፈላ ይደርሳል፤ ፓምፕ ደግሞ የሚፈላ ውሃ መሳብ አይችልም፣ እንፋሎት ይጎርስና በባዶው ይሽከረከራል። ሞተሩ ይዞራል፣ አረንጓዴው መብራት በርቷል፣ ውሃ ግን አይሄድም። ድምፁ ጠጠር የሚያኝክ ሰው ይመስላል።

ለዲሬክተሩ ነገርኩት። «ጌታዬ፣ ታንከሩን ከፍ አድርጉልኝ። ውሃው ከላይ ሲጫነው ፓምፑ ይጠጣል» አልኩት።

«ዝናቡ ሲገባ እናየዋለን። አሁን ምርት አላቆምም» አለኝ። «አረንጓዴው በርቷል አይደል?»

«በርቷል። ግን ይዋሻል።»

«መብራት አይዋሽም ፓሬ። ሂድ ሥራህን ሥራ።»

አንገቱን ላለመያዝ እጆቼን ኪሴ ከተትኩ። ልያዘው ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ምነው ይዤው በነበረ እላለሁ፤ ቢበዛ ከሥራ እባረር ነበር።

ቦይለር ውሃው ካለቀበት የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቱን አውጥቶ መሸሽ። በጋለው ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የለቀቀ ሰው፣ ውሃው ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ቤቱን ያነሳበታል። በወጣትነቴ ጎረቤት አገር ስሠራ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ሰው ከጣራ ላይ ለቅመናል። ኖአጋ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም። ለሱ ውሃ ሲጎድል መዘውር ይከፈታል፣ አለቀ። ነገርኩት? ነገርኩት። እንዴት ብዬ ነገርኩት? «አህያዬ፣ የውሃ ልኩ ብርጭቆ ባዶ ሆኖ ቀዩን መዘውር ከነካህ ተቀቅለህ ለምሳ ትቀርብልኛለህ» ብዬ። እሱም «ሎሌ ጌታውን ውሃ ከለከለ! ስምንተኛው ሺህ!» እያለ ሄደ። ኖአጋን በሌላ አፍ ማናገር አላውቅበትም ነበር።

ይሄ ሳይበቃኝ ደግሞ ያቺን የተረገመች ጨዋታ ተጫወትኩ። ኖአጋ ነው የጀመረው። ሚስቱ ታምፖኮ በር ላይ ባቄላና ሩዝ ትሸጣለች፤ አንድ ቀን መክሯት ምሳዬን በሰሃን ሳይሆን በጣሳ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችልኝና «ኩቲ፣ ኩቲ፣ ና ብላ» ብላ እንደ ውሻ ጠራችኝ። ፋብሪካው ሁሉ አየኝ። በሳምንቱ፣ ኖአጋ ከቦይለሩ ጀርባ አጎንብሶ ቧንቧ ሲያጠብቅ፣ የእንፋሎት ፉጨቱን ለቀቅኩና «ሊፈነዳ ነው! ኖአጋ ሩጥ! ሊፈነዳ ነው!» ብዬ አንባረቅኩ።

ምን ሩጫ ነው! ቀበቶው ተፈትቶ ሱሪው መንገድ ላይ ቀርቷል። ገለባው ክምር ውስጥ በጭንቅላቱ ገብቶ እግሮቹ ብቻ ውጭ ቀሩ። ሴቶቹ እየተንከባለሉ ሳቁ። ኖአጋ ገለባውን ከጆሮው እያራገፈ መጣ፤ ሲስቅ እንኳ ትንሽ አፍሮ ነበር። «ስማ ውሻ በላ» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ከዛሬ በኋላ ሰማይ ቢደፋ እንኳ ባንተ ቃል አንዲት እርምጃ ከተንቀሳቀስኩ የታፕሶባ ልጅ አይደለሁም!» እጃችንን ተማታን። አሁን የምነግራችሁ የሆነው ከዚህ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው።

ማክሰኞ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፣ ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው። ገለባ ላመጣ ወደ ክምሩ ወጥቼ ስመለስ ፓምፑ ጠጠሩን ሲያኝክ ሰማሁት። ለምን ያህል ጊዜ እንዳኘከ አላውቅም፤ ክምሩ ጋ የመጭመቂያው ጩኸት ሁሉን ይውጠዋል። የውሃውን ልክ የሚያሳየውን ብርጭቆ አየሁ። ባዶ ነው። ከታችም ከላይም ባዶ። የጋለ ቀለም ሸተተኝ፤ ቀለሙ ከብረቱ ላይ እየተላጠ ነበር።

አካሌ ራሱ ሠራው። ማራገቢያውን አጠፋሁ፣ የእሳቱን በር ከፈትኩ፣ በመቆስቆሻው የሚንበለበለውን ገለባ እየጎተትኩ መሬት ላይ እዘረግፍ ጀመር። ጫማዬ ጨሰ፣ ፂሜ ተለበለበ። በሩብ ሰዓት ይበርዳል፣ ማንም ካልነካው ሰው አይሞትም ብዬ ለራሴ አወራለሁ። ቀና ስል ኖአጋን አየሁት። ከቦይለሩ ጀርባ በወዲያኛው በር ገብቶ ብርጭቆውን እያየ ነው።

«ሎሌዬ!» አለ። «ዲቃላህ ውሃ ጠምቶት ምላሱን አውጥቷል እኮ! ምን ዓይነት አሳዳጊ ነህ?»

እጁን ወደ ቀዩ መዘውር ሰደደ።

«አትክፈት!» አልኩ። «ኖአጋ፣ ቀዝቃዛውን ውሃ አትክፈት!»

«ደግሞ ጀመረህ?»

«በእናቴ ሞት! ብረቱ ግሏል! ውጣ ከዚያ! ትሞታለህ!»

«ሱሪዬን በሁለት ቀበቶ ነው ያሰርኩት ዛሬ» አለና ሳቀ። «እስቲ ጮህ በል፣ ሴቶቹ አልሰሙህም።»

«ትቀቀላለህ አንተ ሰውዬ! አልቀለድኩም!»

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ለምሳህ እደርስልሃለሁ!»

ምን ልበለው? ንገሩኝ እስቲ፣ ምን የሚባል ቃል ቀርቶኝ ነበር? በስድስት ዓመት ውስጥ ያልማልኩለት መሐላ፣ ያልጮህኩለት ጩኸት አልነበረም። ስለዚህ አካፋውን አነሳሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ወረወርኩበት። ልመታው ነው የወረወርኩት። ክንዱን ሰብሬ ከመዘውሩ ላላቅቀው ነው። ትከሻው ላይ አረፈበት፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። በመጭመቂያው በር በኩል ደግሞ ታናሽ ወንድሙ ሲቢሪ ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ ቆሟል፤ ያየውም ይህንኑ ነው፣ እኔ አካፋ ስወረውር፣ ወንድሙ ሲንገዳገድ።

«ገደልከኝ እኮ አንተ ውሻ በላ!» አለ ኖአጋ፣ በሕመምና በሳቅ መካከል። ወደ እሱ ሮጥኩ። መሃል ላይ ያለው የጡብ ምሰሶ ጋ ስደርስ መዘውሩን በደህና እጁ ጨብጦ እስከ መጨረሻው አዞረው።

ድምፁን አልሰማሁትም፤ የሰሙት ከተማው መሃል ያሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ያየሁት ነጭ ብቻ ነው። የቦይለሩ የኋላ በር ተገንጥሎ ግድግዳውን ይዞ ወጣ። ቦይለሩ ራሱ ከመሠረቱ ተነቅሎ ወደ ፊት ዘለለና እኔ ትንሽ ቀደም ብዬ የቆምኩበትን ቦታ ጨፍልቆ ተኛበት። የጣራው መስታወት እንደ በረዶ ወረደ። ምሰሶው ሸፈነኝ እንጂ እንፋሎቱ ሁለቱን ክንዶቼን ከክርን እስከ ጣት ላጣቸው። ግራ ጆሮዬ እስካሁን አይሰማም።

ኖአጋን ያገኘሁት ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ስባሪ ሥር ነው። ጡቡን በተላጠ እጄ እያነሳሁ ጣልኩ። ትከሻውን ይዤ ስስበው ቆዳው እጄ ላይ ቀረ፤ የኔ ይሁን የሱ መለየት አልቻልኩም። ዓይኑ ክፍት ነበር። አፉ ሳቁን ሳይጨርስ ነው የቀረው። «ኖአጋ» አልኩት፣ «ኖአጋ፣ ወንድሜ።» በሕይወቴ ወንድሜ ብዬው የማውቀው ያኔ ብቻ ነው፤ እሱ ግን ሞቷል።

ከዚያ ሲቢሪ ደረሰ። የመጭመቂያውን የብረት ዘንግ ይዟል። የመጀመሪያው ምት ጎኔ ላይ አረፈ፤ ሁለት የጎን አጥንት ተሰበረ። ሁለተኛው ጀርባዬን አገኘው።

«በአካፋ መትተህ እሳት ውስጥ ጨመርከው!»

«አትክፈት ብዬ ነው! እንዳይከፍተው ነው!» አልኩ።

«አይቼሃለሁ! በዓይኔ አይቼሃለሁ!»

«ነግሬው ነበር ሲቢሪ! ትሞታለህ ብዬው ነበር!»

«ነገርከው?» ዘንጉን ከራሱ በላይ አንስቶ ቆመ፤ ፊቱ ላይ እንባና ጥቀርሻ ተደባልቋል። «አንተ ለኖአጋ እውነት የነገርከው መቼ ነው? መቼ? አንድ ቀን ጥራልኝ!»

ዘንጉ ወረደ። ሌሎቹም ገቡበት፤ አብረውኝ የበሉ፣ አብረውኝ የሳቁ ሰዎች በእርግጫ፣ በጡብ፣ በእጃቸው ባገኙት ሁሉ። አንዷ ፍሬ ለቃሚ በጫማዋ አፌን ስትመታኝ አስታውሳለሁ፤ ከዚህ በፊት ልጇን ክርስትና አንስቼላታለሁ። ሁሉም ይጮሃሉ፣ እኔ ግን የምሰማው በአንድ ጆሮ ብቻ ነበር። ፖሊሶች ወደ ሰማይ ተኩሰው ነው ያስጣሉኝ።

ክሊኒክ ውስጥ ፖሊሱ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ቃሌን ጻፈ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፓምፑን፣ አረንጓዴውን መብራት፣ ዲሬክተሩን፣ አካፋውን። እሱ ጽፎ ጽፎ እስክሪብቶውን አነሳና «እንግዲህ ስትቀልዱ ነው በለኛ» አለኝ። ሞሲ ነበር፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ሲቃጣው አየሁት። ቁስሌ ባይኖር አንቀው ነበር።

ማታውን ባለቤቴ መጣች። ዲሬክተሩ ለሰው ሁሉ ጥፋቱ የሠራተኞች ድብድብ ነው እያለ እንደሆነ ነገረችኝ። ይሁን፣ ከሱ ምን ይጠበቃል። ሲቢሪ ደግሞ ቀብሩ ላይ ከታየ በወንድሜ ላይ ደርቤ እቀብረዋለሁ ብሏል አለች። ይሄም ይሁን። ከዚያ ያመጣችልኝን ነጠላ ታጥፍ ጀመር።

«ታምፖኮስ?» አልኳት። «ታምፖኮ ምን አለች?»

«ተወው አሁን።»

«ንገሪኝ።»

«ባሌን በቀልድ ገደለው ነው የምትለው» አለች። «ለመጣው ሁሉ። በቀልድ ገደለው፣ በቀልድ።»

ዱላው ያላደረገውን ይቺ ቃል አደረገችኝ። እስር ቤት ቢከቱኝ እገባለሁ፣ ሲቢሪ ቢገድለኝም እሞታለሁ። ታምፖኮ ግን ባሏ እየሳቀ እንጂ እየተሳቀበት እንዳልሞተ ማወቅ አለባት። እኔ የዚያን ቀን፣ የዚያን ቀን ብቻ፣ እውነት መናገሬን ማመን አለባት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ጠዋት ነርሷ ዞር ስትል በሁለቱም እጄ ላይ የተጠመጠመውን ፋሻ በነጠላ ሸፍኜ ወጣሁ።

መቃብር ቦታው በሰው ተሞልቷል። የሰፈሩ ሳሞዎች ሥራቸውን ጀምረዋል፤ ሞሲ ሲሞት እኛ ሳንቀልድበት አፈር አይለብስም። አንዲት አሮጊት የኖአጋን የሥራ ልብስ ለብሳ፣ መፍቻ ይዛ፣ እንደሱ እየተንጎራደደች ሬሳ ሳጥኑን ታንኳኳለች። «አንተ ሰነፍ፣ ሥራ ተገብቷል ተነስ! ቧንቧው ያፈሳል!» ትላለች። የሚያለቅሰው እየሳቀ ያለቅሳል። እኔን ሲያዩ ሳቁ ቆመ።

ሲቢሪ መቆፈሪያ ይዞ ጉድጓዱ ራስጌ ቆሞ ነበር። መቆፈሪያውን በሁለት እጁ አስተካክሎ ያዘና ወደ እኔ መጣ። ይዞ የሚያስቀረው ሰው አልነበረም። ታምፖኮ ጥቁር ለብሳ ከማዶ ቆማለች፤ ፊቷ እንጨት ሆኗል። ወደሷ የሚያደርሰኝ መንገድ በሲቢሪ በኩል ነው። መቆፈሪያው ሲነሳ ያለኝ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ዘልዬ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ።

የተሰበረው ጎኔ ሲያርፍ ነፍሴ የወጣች መሰለኝ። ከላይ አሮጊቷ እልል ስትል ሰማኋት። «ገባ! ሳሞው ቦታውን ያዘ! እንግዲህ አጠጡት፣ ካልጠጣ አይወጣም!» የኛ ሰው የሞሲ መቃብር ውስጥ ከገባ ዶሎ የሚባለውን የማሽላ ጠላ ጠጥቶ እስኪወጣ ድረስ ማንም እጁን አያነሳበትም፤ ሲቢሪም መቆፈሪያውን እንዳነሳ ቀረ። ሕጉን ተጠግቼ ለማምለጥ አልነበረም የገባሁት። ግን አሁን ሁሉም ጸጥ ብለው እያዩኝ ነው፣ ታምፖኮም ከጠርዙ ቀርባ ቁልቁል ታየኛለች። የምናገረው አሁን ነው አልኩ።

«ታምፖኮ» አልኳት። «ስሚኝ። የዚያን ቀን አልቀለድኩም። ቀዝቃዛውን ውሃ አትክፈት፣ ትሞታለህ ብዬ በእናቴ ሞት ምዬለታለሁ። አላመነኝም።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁ አመለጠው።

«አትሳቁ! በእግዚአብሔር አትሳቁ! ያላመነኝ እኔው ራሴ አሥራ ሁለት ቀን ቀድሜ ሱሪውን አስጥዬ ስላስሮጥኩት ነው! አካፋውንም የወረወርኩት እጁን ልሰብር ነው፣ ላድነው ነው! እወደው ነበር! ደሙን ለልጄ ሰጥቷታል፤ አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም!»

እንባዬ መጣ። በፋሻው ልጠርገው ስል አመመኝና ጮህኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን አፈሩ ላይ አድርጌ እንደ ሕፃን አነባሁ።

መጀመሪያ የሳቁት አሮጊቶቹ ናቸው። «ኧረ ይሄ ሰው ይችልበታል!» አለች አንዷ። ቀጥሎ ፍሬ ለቃሚዎቹ፣ ከዚያ የሚዛኑ ሽማግሌ፣ ከዚያ ሁሉም። ሳሞ በሞሲ መቃብር ውስጥ ማልቀስን የመሰለ ጨዋታ የለማ! እንዲህ አድርጎ ያለቀሰላቸው ግን አላዩም። ሰው ሰው ላይ ተደጋግፎ ይስቃል። ቀና ብዬ ታምፖኮን አየኋት፤ በነጠላዋ አፏን ይዛለች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እያለቀሰች መሰለኝ። ነጠላውን ስታወርደው ጥርሷ ታየኝ።

«አይ ውሻ በላ!» አለች እየተንሰቀሰቀች፣ እየሳቀች። «እወደው ነበር ይለኛል እኮ! በባሌ መቃብር ላይ!»

«እውነቴን ነው!» አልኩ። «ታምፖኮ፣ እውነቴን ነው!»

ሳቁ ጉድጓዱን አናወጠው። ሲቢሪ መቆፈሪያውን ጥሎ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጧል፤ እንባው እየወረደ ራሱን ይወዘውዛል። ከዚያ እጁን ወደታች ዘረጋልኝ።

«ና ውጣ ሎሌዬ» አለኝ። «በቃ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ከልቤ ነው። ኖአጋ ቢሰማህ ኖሮ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።»

«ሲቢሪ፣ አንተ እንኳ እመነኝ።»

«በሳቅ ግደለን እንግዲህ! ውጣ አልኩህ፣ ሆዴን አመመኝ!»

ክንዴን ይዞ ሳበኝ። ፋሻው ከነቆዳዬ ተንሸራቶ እጁ ላይ ቀረ፤ የጮህኩትን ጩኸት ውሻ ሲጮህ አስመስሎ ነው ብለው ለሱም ሳቁልኝ። ታምፖኮ በቅል ሙሉ ዶሎ ይዛ መጣች። እጆቼ ቅሉን መያዝ ስላልቻሉ ራሷ አፌ ላይ አድርጋ አጠጣችኝ፤ በሌላ እጇ አፈሩን ከፀጉሬ ላይ አራገፈችልኝ። ዓይኗን አየሁት። ጥላቻ የለበትም፣ ቂም የለበትም። እምነትም የለበትም። ጠጥቼ ስጨርስ ወንዶቹ ገመዱን ያዙና ኖአጋን አወረዱት።